እትዬ ሸምሲያና ዘምዘሙ

ነገሩ የጀመረው በሰኔ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ እትዬ ረዲያ ሳሎን ውስጥ ነው። ለእትዬ ሸምሲያ ከመካ የመጣ የተባረከ የዘምዘም ውኃ በቡና ስኒ ተሰጣቸው፤ ተጎነጩ፤ ስኒውን ከአፋቸው ሳያርቁ ጉሮሯቸው ተያዘ። ከሐጅ የተመለሰች ጎረቤቱን ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ ተምሩን በእጁ እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ።

እትዬ ሸምሲያ ባለፈው ጥር አርፈዋል። አጠና ተራ ያሉ ነጋዴዎች እሳቸውን ሲያነሱ የሚያወሩት ስለ ምላሳቸው ነው። ምላሳቸውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበርና። ስማቸው ሲነሳ ግን እኔ የማየው ያንን ቅዳሜና ማግስቱን ጠዋት ነው።

የእኛን ግቢ ከእሳቸው ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እኛ መሠረታችን ከከምባታ ነው፤ የእሳቸው ከስልጤ። እናቴ እኔን ስትወልድ የታረሰችው እትዬ ሸምሲያ በላኩት ቅቤ እንደሆነ ሲነገረኝ አድጌያለሁ፤ የሚነግሩኝም ራሳቸው ነበሩ። "እንዲህ ድምፅሽ የሚጠፋ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቅቤውን ቆጥቤ እልክ ነበር" ይሉኛል። ዓይነ አፋር ነኝ። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶኝ ከቤቴ አልፌ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ከእናቴ ሰምተው ለሰፈሩ አዳርሰውታል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ በምፈልግበት ጊዜ፣ ከሩቅ ባዩኝ ቁጥር፣ "ዛሬስ እስከየት ወሰዱሽ? ጦር ኃይሎች ደርሰሽ መጣሽ?" ይሉኝ ነበር።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ የአጠና ግቢውን ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ባሕር ዛፉ ከመኪና ሲወርድ እንደ ሌላው ነጋዴ ዞር ዞር ብለው አያዩትም። ሁለቱን ጫፍ ድንጋይ ላይ ያስጋድሙና መሐሉ ላይ ይቆሙበታል። የተሰነጠቀ ከሆነ ከሥራቸው ቀጭ ይላል፤ እሳቸውም ቀሚሳቸውን አራግፈው ለሾፌሩ "ይሄኛውን ለእናትህ ቤት ውሰድላት" ይሉታል። ሾፌሮቹ "እትዬ፣ እመኑን እንጂ" ሲሏቸው መልሳቸው ሁልጊዜ ያው ነበር።

"አላህን አምናለሁ። ባሕር ዛፍን እረግጠዋለሁ።"

አንድ ጊዜ አናጢ ያዘዙትን መሰላል ሠርቶ አመጣላቸው። "ይሸከማል?" አሉት። "እንዴ እትዬ፣ በሬ ይሸከማል" አላቸው። "በሬ የለኝም" አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ። ያኔ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ አናጢው ከታች ደግፎ ይዞ ላብ አጥምቆታል። ቁልቁል አይተውት፣ "ቆይ፣ የሚንቀጠቀጠው መሰላሉ ነው አንተ?" አሉት።

ሕመማቸው በሆድ ድርቀት ጀመረ፤ ከዚያ ደም መጣ። ኪንታሮት ነው እያሉ ለረጅም ጊዜ ደበቁት። በመጨረሻ ሲመረመሩ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጉበታቸውም ላይ ደርሷል። እንደተለመደው ሐኪሙ ልጃቸውን አንዋርን ለብቻው ሊያነጋግረው ጠራው። እትዬ ሸምሲያ ተነሥተው ከኋላው ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "የእኔን ጉበት እኔ ሳልሰማ ልትነጋገሩበት ነው?" አሉ። ሐኪሙ ትንሽ አቅማማና ነገራቸው፤ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አይበቃም፣ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ያስፈልጋል፣ መድኃኒቱ ከሠራ ጊዜ ይገኛል፣ ካቋረጡት ግን ጉበቱ አይጠብቅም።

አንዱ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ሐሙስ ቀን ሆስፒታል ተተኝቶ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። ሌላው ኪኒን ነው፤ ቤት ተወስዶ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ ይዋጣል። ከኪኒኑ ጋር የሚሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ጠየቁኝ ከማለት ጫማዬን እንዳደርግ አዘዙኝ ማለት ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ሁሉንም በአማርኛ አስረዳችን፤ ትኩሳት ከመጣ በማንኛውም ሰዓት እንድንሮጥ፣ ተቅማጥ ከበዛ እንድንደውል፣ የእጅና የእግር መዳፍ ከቀላና ከተላጠ እንዳንደብቅ። ከዚያ ጣቷን አነሣች።

"እናት፣ ዋናው ይሄ ነው። የሚንጠባጠበውን ከወሰዱ በኋላ ለሳምንት ያህል ቀዝቃዛ ነገር አይንኩ፣ ቀዝቃዛ አይጠጡ። ከጠጡ ጉሮሮዎ የተዘጋ ይመስልዎታል። አይዘጋም፤ ትንፋሽ ይገባል። ግን ያስደነግጣል። ከፍሪጅ ምንም እንዳያወጡ።"

"ፍሪጅ እንኳ የለኝም" አሉ እትዬ ሸምሲያ። "ሰኔን ግን የት ላስቀምጠው?"

ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ጥያቄው እውነተኛ ነበር። የኮልፌ ክረምት ቤት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር ማግስት የበሩን መቀርቀሪያ ሲነኩ እጃቸውን እንደተነከሰ ሰው ነጠቁት። ከዚያ ወዲያ የሱፍ ጓንት አድርገው ይውሉ ጀመር። የመጀመሪያ ጉርሻቸው ላይ መንጋጋቸው ይቆለፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቃቸዋል። አፋቸው ቆሰለ። በሁለተኛው ሳምንት መዳፋቸው እንደተጠበሰ ቀላና ሰላት ላይ ሱጁድ ሲወርዱ፣ መሬቱን ሲነካ ያቃጥላቸው ጀመር። ይህን ሁሉ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነበር የሚያወሩት። "ያቺ ሴትዮ ዛሬ ደግሞ ስድስቴ ሽንት ቤት ተመላለሰች" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ የፈላ ውኃ በፔርሙስ እያመላለስኩ ለብ አድርጌ አጠጣቸዋለሁ። ሁለተኛውን ዙር ሐሙስ ዕለት ወሰዱ። ቅዳሜ እትዬ ረዲያ ቤት ሄድን።

እትዬ ረዲያ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ሐጅ ሊሄዱ ሲሉ እትዬ ሸምሲያ የጠየቋቸው አንድ ነገር ነው፤ ዱዓ። ስለዚህ ገና በሩን ስናልፍ ተነሥተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። "ስምሽን ከነአባትሽ ጠርቼ ለምኛለሁ" አሉ። ዘምዘሙ ከጓዳ መጣ። ሲሚንቶው ወለል ላይ ነው ያደረው። እትዬ ረዲያ በስኒ ቀዱና ለእትዬ ሸምሲያ እንዳቀብል ሰጡኝ።

ስኒው እጄ ላይ በረዶ ሆነብኝ። እሳቸው ግን ጓንት አድርገዋል።

"እትዬ፣ ይቀዘቅዛል" አልኩ በጆሯቸው። "ትንሽ ላሙቀው?"

በዓይናቸው ብቻ ገሠጹኝ። "ይሄ ቀዝቃዛ ውኃ አይደለም። ዘምዘም ነው።"

ዘምዘም በተጠጣበት ኒያ ነው ይባላል፤ በልብህ ለምን ጉዳይ አስበህ ብትጠጣው፣ ለዚያ ይሆንልሃል። ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሩ። ቢስሚላህ አሉ። ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ የሚለምኑትን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ተጎነጩ።

ዓይናቸው ፈጠጠ። በሁለት እጃቸው አንገታቸውን ያዙ። አፋቸው ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጣቶቻቸው ጓንቱ ውስጥ ተቆለመሙ። አንዷ ሴት ጀርባቸውን መደብደብ ጀመረች። ሌላዋ ስኒውን እንደገና ሞልታ "ጨምሩላት፣ ይግፋላት" እያለች መጣች። እጇን ያዝኩት። ማን መሆኔን እስኪጠራጠሩ ድረስ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"አይጠጡም" አልኩ። "ማንም ውኃ እንዳይሰጣቸው።"

ተንበርክኬ ሻሌን አንገታቸው ላይ ጠመጠምኩ። "እትዬ፣ እኔን ይዩኝ። ትንፋሽ እየገባ ነው። በአፍንጫ። ቀስ ብለው።" ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው፤ እንደማያምኑኝ ይታየኛል። ነርሷ የነገረችን እውነት ባይሆንስ እያልኩ እኔም ደረታቸውን አያለሁ። ደረታቸው ግን ይነሣል፣ ይወድቃል።

በዚህ መሐል ነው እትዬ ሐዋ ከጥግ የተናገሩት። የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቃላቸው ይከብዳል። ጮክ ብለው አይደለም። "ዘምዘም አልወርድ ያለው ሰው..." ብለው ተዉት።

ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። እትዬ ሸምሲያ በሻሌ አፋቸውን ጠረጉና ወደ ጥጉ ዞሩ። ድምፃቸው ገና ሻካራ ነበር።

"ጨርሺው እንጂ ሐዋ።"

"ምኑን?"

"የጀመርሽውን።"

እትዬ ሐዋ ምንጣፉን አዩ። ወደ ቤት ስንመለስ በክንዴ ተደግፈው ጭቃውን እየመረጡ ሄዱ፤ በመንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ሰላም አሉ፤ እኔን ግን አንድም ቃል አላናገሩኝም። ይህ ከጉሮሯቸው መያዝ የበለጠ አስፈራኝ።

ማታ ሾርባቸውን ጠጡ። አንዋር ኪኒኖቹን በማንኪያ አድርጎ አቀረበላቸው። ማንኪያውን በጓንታቸው ገፉት።

"ዘምዘምን የሚጠላ መድኃኒት ሆዴ አይገባም።"

"እማዬ፣ ብርዱ ነው እኮ" አለ አንዋር።

"ከመካ ብርድ ይመጣል?"

"ውኃው ከመካ ነው፤ ብርዱ የእትዬ ረዲያ ጓዳ ነው።"

"አንተ ጉሮሮ ውስጥ ነበርክ?"

አንዋር ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወረቀቱን አወጣሁና ያለውን አነበብኩላቸው። ጨርሼ ዓይኔን እስካነሣ ድረስ ጠበቁኝ። "ወረቀቱ ዘምዘም ይላል?" አሉ። አይልም። አንዋር ተናደደ። ሐኪሙ ያለውን አስታወሳቸው፤ አትሞቺብኝ አለ፤ ከልቡ የወጣችው ቃል ይህቺ ነበረች። እሳቸው ግን "ሂድ፣ ሰላት ያልፍብሃል" ብለው አስወጡት።

እሱ ሲወጣ ድምፃቸው ተለወጠ።

"መድኃኒቱ አይደለም" አሉኝ። "መድኃኒቱ ምን አጠፋ። እኔ የጠጣሁት ለመዳን ብዬ ነው። ከልቤ። አልቀበልሽም ከተባልኩ ይሄን መርዝ የምውጠው፣ በሩጫ ሽንት ቤት የምመላለሰው፣ ለማን ብዬ ነው?"

የእኔ ባልሆነ ሃይማኖት ገብቼ ምን ልበል? ብርድ ነው፣ ብርድ ብቻ ነው ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ዳር ሆኖ ቃል የሚወረውር ሰው የምሆን መሰለኝ። ቴርሞሜትሩን ብብታቸው ሥር አደረግኩ። ትኩሳት የለም።

ብዙ ሳይቆይ እትዬ ረዲያ መጡ። ዓይናቸው አብጧል። ከነጠላቸው ሥር ዘምዘም የሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። "እኔ ነኝ ያጠጣሁሽ" አሉ።

"ከዚያ ድረስ ተሸክመሽልኝ፣ አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ" አሉ እትዬ ሸምሲያ። ጠርሙሱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እትዬ ረዲያ ከሄዱ በኋላ ድፍረት አግኝቼ፣ "እሳት ላይ ለብ ላድርገው?" አልኩ።

"ዘምዘም ይጣዳል?" አሉኝ። እንዲህ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም።

ከመሄዴ በፊት ለነርሷ ደወልኩ። ያመለጠውን እንዳናካክስ፣ ጠዋት የጠዋቱን ብቻ እንዲውጡ፣ ማቆም ከፈለጉ ግን ሰኞ መጥተው ለሐኪሙ ራሳቸው እንዲናገሩ ነገረችኝ። ለእሳቸው አደረስኩ።

"ሰኞ ምን ልለው ነው? ውኃ አባረረኝ ልለው?" አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ማግስቱን ጠዋት፣ እሑድ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ይንጠባጠባል። ተኝተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የንጋቱን ሱብሒ ሰግደው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ውኃ የሞላ ኩባያ አስቀምጠዋል። አንዋር ገና ከመስጊድ አልተመለሰም።

"ቁጭ በይ" አሉኝ። "ሰው እየጠበቅኩ ነበር።"

"ምንድን ነው ኩባያው?"

"የቧንቧ ውኃ። ውጭ ነው ያደረው።" ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ትናንት ትንፋሽ ይገባል ብለሽኛል።"

"አዎ።"

"ከወረቀቱ ነው ወይስ አይተሽ?"

"አይቼ። ደረትዎ ሲነሣና ሲወርድ እያየሁ ነበር።"

"እንግዲያው ዛሬም እዪ።"

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። "እትዬ፣ ይተዉ። እባክዎ። ቢያፍንዎትስ? እኔ ብቻዬን ነኝ።" ኩባያውን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። ቀደሙኝ። እጄን በግራ እጃቸው ያዙት፤ በቀኛቸው ኩባያውን አነሡና ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ጠጡ።

ያዛቸው። እንደ ትናንቱ፤ ከትናንቱም ባሰ መሰለኝ። እጄን የያዙት ጣቶች ተቆለመሙና ጥፍራቸው በሱፍ ጓንቱ ውስጥ አልፎ ተሰማኝ። ኩባያው ወድቆ በረንዳው ላይ ተንከባለለ። አፋቸው ተከፈተ። ለእርዳታ ልጮህ አሰብኩ፤ የምጠራው ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን የማያቸው እኔው ነኝ። ስለዚህ ያሉኝን አደረግኩ። አየሁ። "ገባ" አልኩ። "ወጣ። ገባ።" ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከፊቴ ግን አልተነሣም። በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የዛፍ ውኃ ይረግፋል። "ገባ" እላለሁ። "ወጣ።"

ጣቶቻቸው ላሉ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፤ ከዚያ ሌላ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የወደቀውን ኩባያ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"የቧንቧውም ገፋኝ" አሉ።

ኩባያውን አነሣሁት።

"እሱ እንግዲህ ኒያዬን የት ያውቃል።" ድምፃቸው ገና ይቆራረጣል። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቅሳሉ ብዬ ተጠጋሁ፤ እየሳቁ ነበር። ጥቂት ሳቁ። ከዚያ፣ "ምን ታያለሽ፣ አጥሚቱን ቅጂ እንጂ። በባዶ ሆድ አይዋጥም ብለሽ ያስቸገርሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

አጥሚቱን ቀዳሁላቸው። የቆሰለው አፋቸው እያቃጠላቸው፣ እያረፉ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት። ኪኒኖቹን ከቤት አምጥቼ መዳፋቸው ላይ አደረግኩ። ውኃ ከፔርሙሱ ልቀዳ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

እጃቸውን በጋቢያቸውና በቀሚሳቸው መሐል ሰደዱና ጠርሙሱን አወጡት። ሌሊቱን ሙሉ ደረታቸው ላይ አቅፈውት ነው ያደሩት። ክዳኑን መክፈት አቃታቸው፤ ከፈትኩላቸው፤ ጠርሙሱ እጄ ላይ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ወደ ቂብላ ዞሩ። ከንፈራቸው እንደ ትናንቱ ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ኪኒኖቹን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፣ ቢስሚላህ አሉና ከዘምዘሙ ተጎነጩ።

ሁለታችንም ጠበቅን።

ወረደ። ደግመው ተጎነጩ። ያም ወረደ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥተው የቀረውን አዩ፤ ክዳኑን አጥብቄ እንድዘጋላቸው ሰጡኝ፤ ስመልስላቸው፣ "ለማታውም ይበቃል" አሉና መልሰው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት።